ደላላው መቼ ይከፈለዋል? በሜሪላንድ የአንዲት ወጣት የትወና ኤጀንት ፍለጋ (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ይደርሰኛል፤ ልጃችን ትወና ትወዳለች፣ ኤጀንት የሚባለው ሰው የሚገኘው የት ነው፣ እውነተኛውንስ ከአጭበርባሪው በምን እንለየዋለን የሚል ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅርብ ስለተከታተልኩት፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም ጽፎ ማስቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። እኔ ጠበቃም ኤጀንትም አይደለሁም፤ በአንድ የማኅበረሰብ ቴአትር ቡድን ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁና የእንግሊዝኛ ውል ለከበዳቸው ወላጆች ትርጉሙን ስለማስረዳ ነው ነገሩ ወደ እኔ የመጣው። በቤተሰቡ ፈቃድ የሆነውን ሁሉ አስፍሬአለሁ፤ የሰውና የድርጅት ስም ግን አልጠቀስኩም።

ቤተሰቡ

ልጅቷ ጉዳዩ ሲጀመር 16 ዓመቷ ነበር። በትምህርት ቤቷ ሁለት ጊዜ በመድረክ ተውኔት ተሳትፋለች፣ በቤተ ክርስቲያን የገና ዝግጅትም ላይ ትተውን ነበር። እናቷ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ አባቷ በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ የመጡት በዲቪ ነው። አባቷ በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ይተውኑ ስለነበር የልጃቸው ፍላጎት ከእርሳቸው የወረሰችው እንደሆነ ያምናሉ። በእርሳቸው ዘመን አንድ ወጣት ወደ መድረክ የሚወጣው በኪነት ቡድን በኩል፣ ወይም እንደ ሀገር ፍቅርና ብሔራዊ ቴአትር ባሉ ቤቶች ተፈትኖ፣ ወይም አዘጋጁን የሚያውቅ ሰው አስተዋውቆት ነበር። በተዋናዩና በአሠሪው መካከል ቆሞ ሥራ የሚያፈላልግ፣ በውልና በኮሚሽን የሚሠራ ሦስተኛ ሰው አያውቁም። ይህን የምጠቅሰው በኋላ የደረሰው ስሕተት ከየዋህነት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው፤ የማያውቁትን ሥራ ሲያገኙ በሚያውቁት መለካት አልቻሉም።

በሆቴሉ አዳራሽ

በጥቅምት ወር አባትየው ታክሲ እየነዱ በሬዲዮ አንድ ማስታወቂያ ሰሙ። ለቴሌቪዥን ልጆችና ወጣቶች እንደሚፈለጉና ልምድ እንደማያስፈልግ የሚገልጽ ነበር። ወደተሰጠው ቁጥር መልእክት ሲልኩ ለቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ሆቴል ቀጠሮ ተያዘላቸው። በአዳራሹ ከ100 የማያንሱ ቤተሰቦች ተቀምጠው ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ እየተጠሩ የአንድ ቁርስ ምግብ ማስታወቂያ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ካሜራ ፊት አነበቡ፤ የልጅቷ ተራ ሲደርስም እንዲሁ አደረገች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ለብቻው ወደ ጠረጴዛ ተጠራና ልጃቸው እንደተመረጠች ተነገራቸው።

አባትየው በኋላ እንዳጫወቱኝ፣ ልባቸውን የማረከው «ተመርጣለች» የሚለው ቃል ነው። እርሳቸውም አሜሪካ የገቡት «ተመርጠዋል» ተብለው ነውና ቃሉ በቤታቸው ክብደት አለው። ዲቪ ደርሶሃል ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ኢሜይል ማታለያ መሆኑን ለዘመዶቻቸው ሲያስጠነቅቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ግን ኢሜይል ሳይሆን ሱፍ የለበሰ ሰው፣ መብራትና ካሜራ ነበር የገጠማቸው።

የተጠየቁት ክፍያ 2,850 ዶላር ሲሆን፣ ለሥልጠና፣ ለድረ ገጽና «ከሎስ አንጀለስ ኤጀንቶች ጋር ለመገናኘት» የሚውል ነው ተባሉ። 850 ዶላር ቀብድ በክሬዲት ካርድ ከፈሉ፤ ቀሪው በየወሩ 200 እየተቆረጠ በአሥር ወር እንዲያልቅ ተስማሙ። ለብቻው ደግሞ ለፎቶግራፍ 250 ዶላር፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ለነበረ ፎቶ አንሺ በስልክ መተግበሪያ ከባንክ ወደ ባንክ ላኩ። ለማሰብ አንድ ቀን እንዲሰጣቸው እናትየው ጠይቀው ነበር፤ መልሱ ቦታው ዛሬ ማታ ይዘጋል የሚል ሆነ።

ውሉ ላይ የተጻፈው

ሰኞ ማታ አባትየው ውሉን ይዘው ቤቴ መጡ። የመጡት ጥርጣሬ አድሮባቸው ሳይሆን ለሎስ አንጀለሱ ጉዞ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ፈቃድ የምታገኝበትን ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ነበር።

ሰባት ገጽ የሆነውን ውል ከእርሳቸው ጋር መስመር በመስመር አነበብኩት። አራተኛው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈ አንቀጽ መካከል፣ ኩባንያው የትወና ኤጀንሲ እንዳልሆነ፣ ለማንም ሥራ እንደማያስገኝና ለሥራም ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጽ ሰፍሯል። ሻጩ በአፉ የተናገረውን ሁሉ ወረቀቱ ይክዳል። ይህን ዓረፍተ ነገር ስተረጉምላቸው አባትየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «ታዲያ የከፈልኩት ለምንድን ነው?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ማብራራት አላስፈለገኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። አዲስ አበባ ቤት ሲሸጥ ደላላው ኮሚሽኑን የሚቀበለው መቼ ነው? «ሽያጩ ሲያልቅ ነዋ» አሉ። ቤቱ ሳይሸጥ፣ ገዢም ሳይመጣ፣ ለማስተዋወቂያ ብሎ ቅድሚያ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣስ? ሳቁ፤ ሳቁና ውሉን አጥፈው አስቀመጡት። የትወና ኤጀንትም ደላላ ነው። ተዋናዩ ሠርቶ ሲከፈለው ከክፍያው ላይ በመቶኛ ይወስዳል፤ ተዋናዩ ካልሠራ ኤጀንቱም ምንም አያገኝም። ልጁን ለማሠራት የሚተጋውም ለዚህ ነው። ገንዘቡን አስቀድሞ ከወላጅ የተቀበለ ሰው ግን ልጁ ሠራ አልሠራ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ሦስቱ ቀናት

በአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን አንድ ደንብ አለው። ሻጩ በቋሚ የንግድ ቦታው ሳይሆን በጊዜያዊነት በተከራየው ስፍራ፣ ለምሳሌ በሆቴል አዳራሽ፣ ከ130 ዶላር ያላነሰ ሽያጭ ካደረገ፣ ገዢው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ምክንያት ሳይሰጥ ውሉን ሊሰርዝ ይችላል። ደንቡ ሥልጠናንና ትምህርትንም ይጨምራል። ሻጩ ይህን መብት በቃል የመንገርና ሁለት ቅጂ የስረዛ ቅጽ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ በዚህ ጉዳይ ሁለቱም አልተደረጉም። በቀን አቆጣጠሩ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፣ እሑድና የፌደራል በዓላት ግን አይቆጠሩም። ውሉ የተፈረመው ቅዳሜ ስለሆነ መቁጠር የጀመርነው ከሰኞ ሲሆን፣ የመጨረሻው ጊዜ ረቡዕ እኩለ ሌሊት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። የተፈረመበትን ቀንና ቦታ፣ የተከፈለውን ገንዘብና ውሉ የተሰረዘ መሆኑን ብቻ የሚገልጽ ነው፤ ቁጣም ክስም አላስገባንበትም። በአደራ ደብዳቤ፣ የደረሰበትን ማረጋገጫ በሚያስመልስ መንገድ ላክነው፤ ዋናው ነገር ፖስታው ላይ ያለው የማኅተም ቀን ስለሆነ ደረሰኙን ፎቶ አንስተን አስቀመጥን። በሳምንቱ ኩባንያው ስልክ ደወለና መጀመሪያ ልጅቷ ዕድሏን እንደምታጣ አስጠነቀቀ፣ ቀጥሎ ዋጋውን በግማሽ ለመቀነስ ጠየቀ፣ በመጨረሻም ድምፁን አጠፋ። ደንቡ ከስረዛው በኋላ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ገንዘቡ እንዲመለስ ያዛል፤ አልተመለሰም። ስለዚህ ለክሬዲት ካርዱ ባንክ የደብዳቤውን፣ የደረሰኙንና የውሉን ቅጂ አያይዘን ክርክር አቀረብን። 850 ዶላሩ ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ የወር ተቆራጩም ቆመ።

250 ዶላሩ አልተመለሰም። የተላከው በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ነበርና፣ ባለቤቱ ራሱ ፈቅዶ የላከው ገንዘብ እንደሆነ ተቆጠረ፤ ፎቶ አንሺውም መልስ አልሰጠም። ለካውንቲው የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ አስመዝግበናል፤ ያም ቢሆን ቤተሰቡ ያንን ገንዘብ እንደጠፋ ቆጥሮታል።

ኤጀንት ማን ነው?

ከዚህ በኋላ የልጅቷ ጥያቄ አልተለወጠም፤ አሁንም ኤጀንት ትፈልጋለች። እናትየው ነገሩ እዚያ ላይ እንዲያበቃ ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን መጥፎውን አይቶ ጥሩውን ሳያዩ መተው ልጅቷን ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው የሚል አቋም ነበረኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ቃላቱን ለየን።

ኤጀንት ሥራ ያፈላልጋል፣ ይደራደራል፣ ከተገኘው ክፍያ ላይም ይወስዳል፤ የተዋንያኑ የሠራተኞች ማኅበር ሳግ-አፍትራ በሚቆጣጠረው ሥራ ላይ የተለመደው 10 በመቶ ነው። ማኔጀር የሙያ ጉዞን ያማክራል፣ አብዛኛውን ጊዜም 15 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ ለጀማሪ ልጅ አስፈላጊነቱ አይታየኝም። ለየሚናው ተዋናይ የሚመርጠው፣ ካስቲንግ ዳይሬክተር የሚባለው ደግሞ የሚሠራው ለፊልሙ አዘጋጅ ስለሆነ ከተዋናይ አንድ ሳንቲም ሊቀበል አይገባውም። ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ካሊፎርኒያ ኤጀንቶች ከግዛቱ የሠራተኛ ኮሚሽነር ፈቃድ እንዲያወጡና የ50,000 ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙ ታዛለች፤ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላስገኝ ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ መቀበልን በወንጀል ታስቀጣለች፤ ከ2013 ጀምሮም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ተዋንያንን የሚወክሉ፣ የኤጀንት ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች የጣት አሻራ ሰጥተው ልዩ ፈቃድ እንዲይዙ ታስገድዳለች። የፈቃድ ዝርዝሮቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። በሆቴሉ የተጠቀሱልንን የሎስ አንጀለስ «አጋር ኤጀንቶች» ስም ስንፈልግ ከሦስቱ ሁለቱ በዝርዝሩ ላይ አልነበሩም፤ ሦስተኛው ፈቃድ ያለው እውነተኛ ቢሮ ቢሆንም፣ ስንጽፍለት ኩባንያውን እንደማያውቀው መለሰልን።

ሳግ-አፍትራ ስምምነት የፈረሙ ኤጀንቶችን ዝርዝር በከተማ ከፋፍሎ በድረ ገጹ ያወጣል። ይሁንና ከሳግ-አፍትራ በፊት የነበረው የተዋንያኑ ማኅበር ሳግ ከኤጀንቶቹ ማኅበር ጋር የነበረው ስምምነት በ2002 ሳይታደስ ስለቀረ፣ ከዝርዝሩ ውጭ የሆኑ በርካታ ከባድ ሚዛን ያላቸው ቢሮዎች አሉ። ዝርዝሩ ላይ መኖር ጥሩ ምልክት ነው፤ አለመኖር ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

ፍለጋው

አንድ ኤጀንት የሚያየው ነገር ሳይኖር በር ማንኳኳት ጊዜ ማባከን ነውና አራት ወር ለዝግጅት ሰጠን። ልጅቷ በማኅበረሰብ ቴአትር በአንድ ሥራ ላይ ትንሽ ሚና አገኘች፤ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አጭር ፊልም ላይም ያለ ክፍያ ተሳተፈች፤ ስምምነቱ የፊልሙ ቅጂ እንዲሰጣት ነበር፣ ተሰጣትም። ሁለቱም ሥራዎች በሥራ ዝርዝሯ ላይ የምትጽፈው እውነተኛ ነገር ሰጧት።

ፎቶው ላይ ቆም ልበል። በሆቴሉ የተነሣችው ፎቶ ጠጉሯ ተተኩሶ፣ ፊቷ ተቀብቶ 25 ዓመት የሆናት ሴት አስመስሏታል። እርሱን ለ16 ዓመት ልጅ ሚና ብትልከው ማንም አይጠራትም፣ ቢጠራትም በሩ ላይ ሌላ ሰው ነው የሚያገኘው። ከማንም ኤጀንት ጋር ግንኙነት የሌለው ፎቶ አንሺ በ180 ዶላር በሹሩባዋ፣ በየቀኑ በምትለብሰው ሹራብ፣ በመስኮት ብርሃን አነሣት። በአንድ ገጽ የተዘጋጀው የሥራ ዝርዝሯ ላይ ቁመቷ፣ የሠራችባቸው ተውኔቶችና ክህሎቶቿ ብቻ ሰፈሩ፤ የቤት አድራሻና የትምህርት ቤት ስም አውጥተን፣ መገናኛውን የእናቷን ኢሜይል አደረግን።

በስልክ የሚቀረጸው የኦዲሽን (ለሚና የሚደረግ ፈተና) ቪዲዮ ያልጠበቅነውን ችግር አመጣ። ከካሜራው ጀርባ ሆኖ የሌላውን ገጸ ባሕርይ ቃለ ተውኔት የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋል። አባትየው ፈቃደኛ ሆኑ፤ የኪነት ቡድኑ ትዝታ ቀሰቀሳቸውና ድምፃቸው ልጅቷን እስኪውጣት ድረስ አነበቡት። ሦስት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ በእናትየው ተተኩ። እናትየው ያለ ስሜት፣ የመድኃኒት ማዘዣ እንደሚያነብ ሰው ነው ያነበቡት፤ የሚፈለገውም ያ ነበር።

ከዚያ ዘጠኝ ቢሮዎች መረጥን። የተመረጡት ከሳግ-አፍትራ ዝርዝር፣ ከቴአትር አዘጋጁ ጥቆማና በዋሽንግተንና በባልቲሞር አካባቢ በርግጥ ከሚሠሩ ተዋንያን ወኪሎች መካከል ነው። ለአራቱ አንድ ዓይነት ረጅም ደብዳቤ በአንድ ቀን ላክን፤ አንዱም አልመለሰም። ስንመረምር በአንደኛው ላይ የሌላውን ቢሮ ስም ጽፈን ነበር። ለቀሪዎቹ አምስት የእያንዳንዱን ቢሮ የአቀራረብ መመሪያ አንብበን፣ በአምስት መስመር፣ ከፎቶና ከቪዲዮ አድራሻ ጋር ጻፍን። ሁለቱ መለሱ። የመጀመሪያው ልጅቷን እንደወደዳት ገልጾ፣ ከመቀበሉ በፊት በራሱ ትምህርት ቤት የስድስት ሳምንት ኮርስ በ480 ዶላር እንድትወስድ ጠየቀ። ትምህርቱ መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወኪልነቱን ከክፍያው ጋር ካሰሩት ወደ ሆቴሉ አዳራሽ ተመለስን ማለት ነውና አመስግነን ተውነው።

የኤጀንቷ ጥያቄና የቤተሰቡ ጥያቄ

ሁለተኛዋ ኤጀንት በቪዲዮ ጥሪ ለግማሽ ሰዓት ያህል አነጋገረቻቸው። እናትየው ከጎኗ እንዲቀመጡ የጠየቀችው ኤጀንቷ ራሷ ናት፤ ይህ አስደሰተኝ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ማን እንደሚያደርሳትና ለሥራ የሚያስፈልጉ ሰነዶች እንዳሏት ጠየቀች። ቀጥላ የሥራ ዝርዝሩን እያየች «አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች ይላል፣ ታነቢያለሽ?» አለቻትና አንድ የአማርኛ አንቀጽ በስክሪኑ ላይ አወጣች። ልጅቷ ቤት ውስጥ አማርኛ ትናገራለች፤ ፊደል ግን የለየችው በሰንበት ትምህርት ቤት እስከ «ጰ» ከመሆኑ በቀር አንብባ አታውቅም። «ክትባት» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ሞክራ ተወችው። ፊቷ ቀላ። ኤጀንቷ አልተቆጣችም፤ ማንበብ ስትችይ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ እስከዚያ መናገር ብቻ ብለሽ አስተካክይው አለቻት።

ቤተሰቡም በወረቀት የያዘውን ጥያቄ አቀረበ። ስንት በመቶ፣ ከየትኛው ሥራ ላይ፣ ክፍያው መጀመሪያ ወደ ማን ይገባል፣ በስንት ቀን ይደርሰናል፣ ከሌላ ቢሮ ጋር መሥራት እንችላለን ወይ፣ ለመውጣትስ ምን ማድረግ አለብን? ለሁሉም ያለ ማመንታት መለሰች። ውሉ በሳምንቱ መጣ፤ ለአንድ ዓመት የሚቆይ፣ በማኅበሩ ሥራ ላይ 10 በመቶ፣ ከማኅበሩ ውጭ በሆነው ላይ 15 በመቶ፣ በ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ የሚቋረጥ ነው። የመመዝገቢያም የፎቶም ክፍያ የለውም። ዐሥር ቀን አቆዩት፤ አንድም ጊዜ አልተጣደፉም።

የመጀመሪያው ክፍያ

ልጅቷ በክረምቱ ዕረፍት በየማታው ከአባቷ ጋር የአማርኛ ጋዜጣ አነበበች። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መረጃ በአማርኛም ስለሚያወጡ፣ በአካባቢው የአማርኛ ድምፅ የሚፈልግ ሥራ አለ። በስድስት ወር ውስጥ ከቀረበችባቸው ሰባት ኦዲሽኖች ስድስቱ አልሆኑላትም፤ ሰባተኛው የአንድ ጤና ነክ ማስታወቂያ የአማርኛ ንባብ ነበር። ተመረጠች፤ የተባለው ቃል ያው ነው፣ በዚህ ጊዜ ግን የከፈለ ሰው አልነበረም።

ክፍያው 400 ዶላር ሲሆን ቼኩ መጀመሪያ ወደ ኤጀንሲው ገባ። ከአምስት ሳምንት በኋላ 340 ዶላር ከዝርዝር ሒሳብ ጋር ደረሳት፤ 60 ዶላሩ የኤጀንቷ 15 በመቶ ነው። አባትየው ወረቀቱን አጥፈው ከታክሲያቸው የፀሐይ መከላከያ ጀርባ አስቀምጠውታል፣ ተሳፋሪ ቢጠይቃቸው ለማሳየት።

ያልተሳካው ሌላ ነገር

ኤጀንቷ ምናልባት ኒውዮርክ ላይ ሥራ ቢመጣ በማለት፣ ለልጅ ተዋንያን የሚከፈተውን የተቆለፈ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍቱ መክራቸው ነበር። ይህ ሒሳብ መነሻው ጃኪ ኩጋን ነው፤ በ1921 በቻርሊ ቻፕሊን ፊልም ታዋቂ የሆነው ይህ ልጅ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሠርቶ፣ ሲያድግ እናቱና የእንጀራ አባቱ ገንዘቡን ጨርሰውት አገኘ፤ ካሊፎርኒያም በ1939 ሕግ አወጣች። ዛሬ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክን ጨምሮ በጥቂት ግዛቶች ከልጁ ጠቅላላ ገቢ 15 በመቶው እስከ 18 ዓመቱ እንዳይነካ ተለይቶ ይቀመጣል። እናትየው በቅርባቸው ባሉ ሁለት የባንክ ቅርንጫፎች ጠይቀው ሠራተኞቹ ስለ ሒሳቡ ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ሦስተኛው ተራ የልጆች ቁጠባ ከፈተላቸው፣ ያ ደግሞ አይተካውም። እስካሁን አልተከፈተም።

ለሌሎች ቤተሰቦች የሚሆነው

ከሁሉ በፊት የምመክረው የገንዘቡን አቅጣጫ መመልከት ነው፤ ከአሠሪው ለልጁ ከሚመጣው ክፍያ ላይ ኤጀንቱ ድርሻውን የሚወስድ ከሆነ ትክክል ነው፣ ከወላጅ ወደ ኤጀንት ከሆነ ግን ምንም ስም ቢሰጠው ሌላ ንግድ ነው። ለትምህርት፣ ለፎቶና ለመመዝገቢያ ድረ ገጾች መክፈል በራሱ ነውር የለውም፤ እንደ ባክስቴጅና አክተርስ አክሰስ ያሉ የኦዲሽን ገጾች ክፍያ ይጠይቃሉ። ነውሩ ያ ክፍያ የውክልና መግቢያ ሲሆን ነው።

በካርድ የተከፈለና በስልክ የተላከ ገንዘብ አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ማስመለስ ችለናል፣ ሁለተኛውን አልቻልንም። በሆቴል ወይም በአዳራሽ የፈረመ ወላጅ ካለ ለመጸጸት ጊዜ ሳያጠፋ ቀን ይቁጠር፤ በዚህ ጉዳይ አባትየው ሰኞ ማታ ባይመጡ ኖሮና ሐሙስ ቢመጡ፣ የስረዛ ቅጹን አልሰጡንም ብለን ከመከራከር ሌላ እጃችን ላይ የሚቀር ነገር አልነበረም።

ቋንቋችን በሥራ ዝርዝር ላይ የሚጻፍ ሀብት ነው፤ የሚጻፈው ግን ልጁ ማንበብም እንደሚችል ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን። የልጅቷ ውል በመጪው መጋቢት ያበቃል። ያድሱት ወይስ ይተዉት የሚለውን እናትየው የዓመቱን ክፍያና ኦዲሽን በአንድ ደብተር እየመዘገቡ ነው የሚወስኑት።